ስምንት ሳምንት፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ ጥያቄ፦ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና መጽሐፍ ቅዱስ የተማርኩበት የኦንላይን ኮርስ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ ወደ ኋላ ቀረ። ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ወንበር ይሰበስብ ነበር። ክፍሉ ባዶ ሲሆን "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?" አለኝ። "ወንድ የሚወድ ወንድ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል?"

ስለ ራሱ እንደሚጠይቅ ከድምፁ ገብቶኛል። እኔ ግን ዘሌዋውያን 18፥22ን ጠቀስኩለት። ሰዶምን ጨመርኩ። አጭር ጸሎት አደረግን። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። አመሰገነኝና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥናቱ ላይ አላየሁትም።

ይህን ኮርስ የወሰድኩት በዚያ ሁለት ደቂቃ ምክንያት ነው። ስለዚህ የምጽፈው ግምገማ ከዳር ቆሞ እንደሚያይ ሰው አይደለም። ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ ብዬ ነው። አቋሜንም አልደብቅም። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብዬ አምናለሁ። ኮርሱን ስጀምርም ስጨርስም ይህን አምን ነበር። በመሃል የሆነው ግን ቀላል አይደለም።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮርሱ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ ወደ አርባ ደቂቃ የሚጠጉ ሁለት ቪዲዮዎች አሉ። አንዱን ነባሩን የቤተ ክርስቲያን አቋም የሚይዝ መምህር ይሰጣል። ሌላውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን መባረክ አለባት የምትል መምህርት ትሰጣለች። ሁለቱም አማኞች ናቸው። ሁለቱም ዕብራይስጥና ግሪክ ያውቃሉ። ከቪዲዮው ቀጥሎ ሠላሳ ገጽ ያህል ንባብ አለ። ከዚያ በቀጥታ ስርጭት የቡድን ውይይት ይደረጋል። እኛ ቡድን ውስጥ ስምንት ነበርን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አጠገቤ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቼ ነበር የምከታተለው። ይህ ልማድ ከኮርሱ እኩል አስተምሮኛል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ዘሌዋውያን 18ን እና 19ን አንብባችሁ ዛሬ የምትጠብቁትንና የማትጠብቁትን ትእዛዝ ለዩ፤ የለያችሁበትን ምክንያት ጻፉ። ቀላል መሰለኝ። 19፥18 ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ይላል፤ እሱን እጠብቃለሁ። በሚቀጥለው ቁጥር ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል፤ የለበስኩት ሸሚዝ ጥጥና ፖሊስተር ነው። 18፥22ን እይዛለሁ። ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ፣ 18፥19 ላይ፣ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ሳለች ባሏ እንዳይቀርባት ይከለክላል። ስለሱ በሕይወቴ አስተምሬ አላውቅም። ለምን? ምክንያቱን ለመጻፍ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ነባሩን አቋም የያዘው መምህር መልስ አለው። የብሉይ ኪዳን ሕግ የሥነ ምግባር፣ የአምልኮ ሥርዓትና የፍርድ ተብሎ ይከፈላል ይላል፤ ይህን አከፋፈል ቶማስ አኲናስም ተጠቅሞበታል። መምህርቷ ደግሞ ጽሑፉ ራሱ እንዲህ ብሎ አይከፋፍልም፣ ሦስቱም በአንድ ምዕራፍ ተደባልቀው ነው የሚገኙት ትላለች። ያኔ መምህሩ የተናገረው ነገር እስከ መጨረሻው አብሮኝ ቆየ። "ልክ ናት። ስለዚህ ዘሌዋውያንን ብቻውን ይዤ መከራከር አልችልም። አዲስ ኪዳን ነገሩን መልሶ ያነሳው እንደሆነ ማሳየት አለብኝ።" የራሱን ደካማ ጎን በራሱ አፍ ተናገረ። ኮርሱን ያመንኩት እዚያ ጋ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ለእኔ ከባድ ነበር። ርዕሱ ሰዶም ነው። ሁለቱ መምህራን እዚህ ላይ ተስማሙ። ዘፍጥረት 19 የሚተርከው የአንድ ከተማ ሰዎች እንግዶችን በኃይል ሊደፍሩ መምጣታቸውን ነው። መሳፍንት 19 ላይ ተመሳሳይ ታሪክ አለ፤ እዚያ የተደፈረችው ሴት ናት፣ እስክትሞት ድረስ። ያንን ታሪክ አንብቦ ወንድና ሴት መጋባት የለባቸውም የሚል የለም። ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድሀውን እጅ አለማበርታትን ይጠቅሳል። መምህሩ ቁጥር 50 ርኩስ ነገር አደረጉ እንደሚል፣ ይሁዳ 7ም ስለ ዝሙት እንደሚናገር አስታወሰ። ቢሆንም "ሁለት ሰዎች በፈቃዳቸው ተዋደው ዕድሜ ልክ አብሮ ለመኖር ስለሚገቡት ቃል ኪዳን ከሰዶም ታሪክ ተነስቼ አልከራከርም" አለ።

እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቆምኩት። እኛ በአማርኛ ነገሩን የምንጠራበት ቃል ራሱ "ግብረ ሰዶም" ነው። ገና ውይይቱ ሳይጀመር የዘፍጥረት 19 አተረጓጎም ቃሉ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ያ ወጣት ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ቃሉን አልተጠቀመም። "ወንድ የሚወድ ወንድ" ነው ያለው። እኔ ነኝ ሰዶምን ያመጣሁት። የፍቅር ጥያቄ ይዞ ለመጣ ልጅ የአስገድዶ መድፈር ታሪክ መለስኩለት። ከዚያ ሳምንት ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ስናገር ቃሉን ትቼዋለሁ። አቋሜን ለመግለጽ አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው ሳምንት የቃላት ሳምንት ነው፤ ቋንቋ ለሚወድ ሰው ድግስ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9 ላይ ጳውሎስ ሁለት ቃላት ይጠቀማል። ማላኮይ እና አርሴኖኮይታይ። የመጀመሪያው በጥሬው "ለስላሶች" ማለት ነው። ማቴዎስ 11፥8 ላይ ያው ቃል ለልብስ ነው የተነገረው፤ አማርኛው "ቀጭን ልብስ" ይለዋል። 1ኛ ቆሮንቶስ ላይ ደግሞ "ቀላጮች" ብሎ ተርጉሞታል። ቡድኑ ውስጥ "በእናንተ ቋንቋ ምን ይላል?" ተብዬ ስጠየቅ ቃሉን አነበብኩ። "ትርጉሙስ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ስንት ዓመት ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ቀላጭ ማን እንደሆነ ግን አስረግጬ መናገር አልቻልኩም።

ሁለተኛው ቃል የበለጠ ያከራክራል። እስከ ዛሬ በተገኙት ጽሑፎች ውስጥ ከጳውሎስ በፊት አይታይም። "ወንድ" እና "አልጋ" የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የተሠራ ነው። መምህሩ የዘሌዋውያን 20፥13ን የጥንት ግሪክ ትርጉም ስክሪኑ ላይ አወጣ። ሁለቱ ቃላት እዚያ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጳውሎስ ቃሉን ከዚያ ገጣጥሞ ሠራው ይላል፤ እኔም ይህ ማስረጃ ጠንካራ ነው ብዬ አምናለሁ። መምህርቷ ምንጩን አልካደችም። ጥያቄዋ ሌላ ነው። የቃል ሥር ብቻውን ትርጉም አይሰጥም፤ በዚያ ዘመን በሰፊው የሚታወቀው ጌታ በባሪያው ላይ፣ አዋቂ በልጅ ላይ የሚያደርገው ነበር፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ላይ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ሰውን የሚሰርቁ ናቸው ትላለች። የሉተር የጀርመንኛ ትርጉም "ልጆችን የሚደፍሩ" የሚል ቃል ነበር የተጠቀመው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሁለቱን ቃላት ጨፍልቆ ዝንባሌን ጭምር በሚያመለክት አንድ ዘመናዊ ቃል ተረጎማቸው፤ በ1971ዱ እትም ተርጓሚዎቹ ራሳቸው ቃሉን ለወጡት። ዝንባሌና ድርጊት አንድ አለመሆናቸውን ቀድመው ቢለዩ ኖሮ ስንት ሰው ከማይገባው ኩነኔ ይድን ነበር! ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

አራተኛው ሳምንት ሮሜ 1 ነው። ለእኔ አቋም ዋናው ምሰሶ እዚህ ነው ያለው፣ መምህሩም በደንብ አቆመው። ጳውሎስ ስለ ወንዶች ብቻ አይናገርም፤ ቁጥር 26 ሴቶችንም ያነሳል። እርስ በርሳቸው በፍትወት ተቃጠሉ ሲል መፈላለጉ የሁለቱም እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የልጆች መደፈር ነው ማለት ያስቸግራል። የሚጠቀምባቸው "ወንድ" እና "ሴት" የሚሉ ቃላትም የዘፍጥረት 1፥27 የግሪክ ትርጉም ቃላት ናቸው። ክርክሩ ከፍጥረት ይነሳል ማለት ነው።

መምህርቷ ግን አንድ ነገር አሳየችን። "ከተፈጥሮ ውጭ" የሚለው የግሪክ ሐረግ፣ ፓራ ፊሲን፣ ሮሜ 11፥24 ላይ ተመልሶ ይመጣል። እዚያ ከተፈጥሮ ውጭ የሚሠራው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ የዱሩን ወይራ ቆርጦ በመልካሙ ወይራ ላይ ይተክላል፣ አሕዛብን ማለት ነው። በአማርኛችን አንዱ ጋ "ባሕርይ"፣ ሌላው ጋ "ፍጥረት" ስለተባለ ዝምድናቸው አይታይም። እኔ በበኩሌ ይህ ሐረግ ክርክሩን ያሸንፋል አልልም። በሁለተኛው ቦታ ነገሩ ምሳሌ ነው። ግን "ከተፈጥሮ ውጭ" የሚለውን ቃል እንደ ዱላ ማንሳት አስቸገረኝ። ደግሞም ሁለቱም መምህራን አንድ ላይ ቆመው ምዕራፉን አንድ ገጽ አልፈው አነበቡ። 2፥1 በሌላው ላይ ለሚፈርድ ሰው የምታመካኘው የለህም ይላል። ጳውሎስ ያን ሁሉ የዘረዘረው አንባቢው በስምምነት ራሱን እየነቀነቀ እንዲከተለውና እዚህ ላይ እንዲያዝ ነው። እኔ ምዕራፍ 1ን ስሰብክ ሁልጊዜ ቁጥር 32 ላይ ነበር የማቆመው።

አምስተኛው ሳምንት ለእኔ ምርጡ ነው፤ ኮርሱን ለመውሰድ ይህ አንዱ ሳምንት ብቻ ይበቃል። ጥቅሶቹን ትተው ጋብቻ ምንድን ነው ወደሚለው ገቡ። መምህሩ ከዘፍጥረት 1 እና 2 ተነስቶ ማቴዎስ 19 ላይ ደረሰ። ኢየሱስ ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው የሚለውን ከአንድ ሥጋ ጋር ያገናኛል። ከዚያ ኤፌሶን 5፣ ክርስቶስና ቤተ ክርስቲያን። የወንድና የሴት ልዩነት ለጋብቻ ጌጥ ሆኖ የተጨመረ አይደለም፤ ትርጉሙ እዚያው ውስጥ ነው ይላል። መምህርቷ ደግሞ አዳም "ይህች አጥንት ከአጥንቴ ናት፥ ሥጋም ከሥጋዬ" ሲል የሚደነቀው በልዩነቷ ነው ወይስ በተመሳሳይነቷ? ብላ ጠየቀች። እንስሳቱ ሁሉ ከእርሱ ይለያሉ፤ እርሷ ግን እንደ እርሱ ናት። ላባ ያዕቆብን በዘፍጥረት 29፥14 አጥንቴና ሥጋዬ ነህ ይለዋል፤ ዝምድና ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሥጋ መሆን አዲስ ዝምድና መመሥረት ነው፤ ልብ የሚባለው ታማኝነቱ ነው ትላለች።

ውይይቱ ላይ አንዲት እናት የምታህል ሴት ለእኔ ቢጤዎች ጥያቄ አነሳች። "ኢየሱስ በዚያው ምዕራፍ ስለ ፍቺ በግልጽ ተናግሯል። ቤተ ክርስቲያናችሁ ፈትተው ያገቡትን ትቀበላለች?" ትቀበላለች አልኩ። "እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታነቡት ታዲያ?" አለችኝ። በትዕግሥት፣ የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ ሰምተን፣ ብዬ መለስኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ ወጣት ትዝ አለኝ። የእሱን ታሪክ አልጠየቅኩትም። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ስድስተኛው ሳምንት የማመሳሰል ክርክር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ጉዳዮች አነባበቧን እንደለወጠች በዚህም ትለውጥ ወይ የሚል። ባርነት፣ የሴቶች አገልግሎት፣ የአሕዛብ መግባት በሐዋርያት ሥራ 15። እኔን ያሳመነኝ የመምህሩ ነጥብ ይህ ነው፦ ስለ ባርነት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ራሱ ወደ ነፃነት የሚሄድ መስመር አለ፤ በዚህ ጉዳይ ግን መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። መምህርቷ ባርነትን የደገፉ ሰባኪዎችም በዘመናቸው ጥቅሱ ግልጽ ነው ይሉ ነበር ብላ መለሰች። የሪቻርድ ሄይስ ታሪክም የተነሳው እዚህ ነው። የአዲስ ኪዳን ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ነባሩን አቋም ደግፎ ጻፈ፣ ብዙዎች እሱን ይጠቅሱ ነበር። በ2024 ከልጁ ጋር ሆኖ ሐሳቡን መለወጡን በመጽሐፍ ገለጸ። የግሪኩን ቃላት አተረጓጎም በመከለስ አልነበረም የተከራከረው። የእግዚአብሔር ምሕረት በመጽሐፉ ሁሉ እየሰፋ ይሄዳል ከሚለው ነው የተነሳው። እኔ በዚህ አልተከተልኩትም። ግን ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። እኛ ስለ ቃላት እንጣላለን፤ የሚለየን ግን መጽሐፉን በሙሉ የምናነብበት መንገድ ነው። ኮርሱ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ሊነግረን ይገባ ነበር።

ሰባተኛው ሳምንት የአብያተ ክርስቲያናት ውሳኔ ታሪክ ነው። የ1998ቱ የላምቤዝ ጉባኤ (የአንግሊካን ጳጳሳት ስብሰባ)፣ ካቶሊክ በታኅሣሥ 2023 ትምህርቷን ሳትለውጥ ካህናት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን እንዲባርኩ የፈቀደችበት ሰነድ፣ የተባበሩት ሜቶዲስቶች በ2024 ነገሩ ከክርስትና ትምህርት ጋር አይስማማም የሚለውን፣ ከ1972 ጀምሮ የነበረውን ቃል ከደንባቸው ያወጡበት ስብሰባ (ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ደረቅ ነው፤ በፍጥነት አለፍኩት።

አሁን ቅሬታዎቼ። ትልቁ ይህ ነው፦ ሁለቱም መምህራን ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ጥያቄው በጽሑፉ ብቻ ይፈታል ብለው ይጀምራሉ። ለኦርቶዶክስና ለካቶሊክ ክርስቲያን ጋብቻ ምሥጢር ነው፤ ንባቡም ከትውፊትና ከአባቶች ጋር ነው። ኮርሱ ለዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሰጠም። ቡድናችን ውስጥ የነበረ አንድ ኦርቶዶክስ ወንድም ሦስተኛው ሳምንት ላይ "እኔ እኮ ግሪኩን ብቻዬን ቁጭ ብዬ የመበየን ሥልጣን አለኝ ብዬ አላምንም" አለ። አወያዩ ምን እንደሚመልስለት አላወቀም። ሰባተኛውን ሳምንት አሳጥረው ለዚህ ቢያውሉት ምን አለበት? ሌላው ፈተናው ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ የሚሰጠው የምርጫ ጥያቄ ያን ሁሉ ጥንቃቄ ሀ፣ ለ፣ ሐ ያደርገዋል። ዝለሉት።

ስምንተኛው ሳምንት ደግሞ አሳዝኖኛል። ርዕሱ የነፍስ እንክብካቤ ነው፤ ከሁሉም አጭሩ እሱ ነው። ጠቃሚ ነገር አለው። ዝንባሌን እንለውጣለን ይል የነበረው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2013 መዘጋቱንና መሪው ይቅርታ መጠየቁን ያወሳል። ተመሳሳይ ጾታ የሚስባቸው ሆነው ነባሩን ትምህርት ይዘው በብሕትውና፣ ማለትም ሳያገቡ በንጽሕና፣ የሚኖሩ ክርስቲያኖች እንዳሉም ይናገራል፤ ማቴዎስ 19፥12ንና 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ያነባል። ግን በስምንት ሳምንት ውስጥ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሲናገር የሰማነው ለስድስት ደቂቃ ነው። ብሕትውናን የምንመክር ሰዎች የበዓል ቀን ያ ሰው ከማን ጋር እንደሚውል፣ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው መመለስ አለብን። ይህን ጥያቄ ኮርሱ አልጠየቀም። ቤተ ክርስቲያኔም አልጠየቀችም።

የመጨረሻው የቤት ሥራ ግን ድንቅ ነው። የማትስማማበትን አቋም በአንድ ገጽ ጻፍ፤ ከዚያ አቋሙን ለያዘ ሰው ላክና "አዎ፣ የኔ ነው" እስኪልህ አስተካክል። የደረሰችኝ ያችው ስለ ፍቺ የጠየቀችኝ ሴት ናት። የመጀመሪያውን ስልክላት ሦስት ቦታ ቀይ አድርጋ መለሰችው። "ስሜታችንን ከቃሉ እናስቀድማለን" ብዬ የጻፍኩት ላይ "እኔ ቃሉን ታዝዤ ነው እዚህ የደረስኩት" ብላ ጻፈች። ሁለተኛውንም መለሰችው። ሦስተኛው ላይ "አዎ" አለችኝ። የኔን አቋም እሷ ስትጽፈው በመጀመሪያው ተስማማሁ። ከእኔ ይልቅ እሷ ስታዳምጥ ነበር ማለት ነው።

ኮርሱን ለማን ልምከር? ጥናት ለሚመሩ፣ ለሰባኪዎች፣ ልጃቸው አንድ ቀን የሆነ ነገር ለነገራቸው ወላጆች። ጉዳዩ የራሱ ሕይወት ለሆነ ሰው ግን ብቻህን አትግባበት እለዋለሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት በአንተ ላይ የሚካሄድ ክርክር ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ግሪክ የማያውቅ ሰው ሦስተኛውን ሳምንት ሁለት ጊዜ ይየው። ንባቦቹን አትዝለሉ።

እኔ ኮርሱ ባለቀ በሳምንቱ ለዚያ ወጣት ደወልኩ። ቁጥሩ አልተለወጠም። "ያኔ የጠየቅከኝን ጥያቄ ሳልሰማህ ነው የመለስኩት፤ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "አቋምህን ለወጥክ እንዴ ጋሼ?" አለኝ። "አልለወጥኩም። ግን መስማት እፈልጋለሁ፣ ጊዜ ካለህ" አልኩት። ቅዳሜ ተገናኘን። ሦስት ሰዓት ሙሉ እሱ ነበር የተናገረው።